ምኅፃረ ቃል፤ በአንድ ፊደል ስለሚጠሩ ልዩ ልዩ ነገሮች

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የጽሕፈትን ጥቅም በአጭሩ ያስረዳል። ይሁን እንጂ በጽሑፍ ያለው ሁሉ እኩል አይወረስም። ሙሉ ቃል ሆኖ የተጻፈው ነገር ቋንቋውን ለሚያውቅ ሁሉ የሚተላለፍ ርስት ሲሆን፥ መነሻ ፊደሉ ብቻ ተጽፎ የቀረው ግን ቍልፉ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የተቀበለው ወራሽ ቍልፉን ካላገኘ በውስጡ ያለው ሀብት አይጠቅመውም። ከቃል ላይ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ብቻ እየወሰዱ ሌላውን ለአንባቢ አሳብ የመተው ልማድ ምኅፃረ ቃል ይባላል።

የምኅፃረ ቃል ነገር ለተማሪዎች የጠቅላላ ዕውቀት ጨዋታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ፊደሉን ይጠራል፥ ሌላው ትርጓሜውን ይመልሳል፤ አንዱ ፊደል ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ያለው በሆነ ጊዜም ጨዋታው እየሞቀ ይሄዳል። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ በየቀኑ ደብዳቤ ለሚያረቅና መዝገብ ለሚጽፍ ሰው ግን ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንድ ፊደል ምክንያት የሰው ስም ይለወጣል፤ ዘመን ይዛባል፤ ደብዳቤም ካልታሰበበት ቦታ ይደርሳል። ስለዚህ ምኅፃረ ቃል ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደ ተስፋፋ፥ ልዩ ልዩ ነገሮችም በአንድ ፊደል ሲጠሩ ምን እንደ ደረሰ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንመለከታለን። የውጭውን አገር ታሪክ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ይህንን አስቀድመን ማስታወቃችን ስለ ምን እንደ ሆነ ወደ ታች ሲነበብ ይገለጣል።

በምኅፃረ ቃል እጅግ ከሠሩት ከጥንት ሕዝቦች መካከል ሮማውያን ዋናዎቹ ናቸው። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ሮማውያን ሕጋቸውን፥ ድላቸውንና የሙታናቸውን ስም በደንጊያ ላይ ይቀርጹ ነበር። በብራና ላይ አንድ ቃል መጨመር የቀለም ጠብታ ነው፤ በደንጊያ ላይ አንድ ቃል መጨመር ግን የመሮና የመዶሻ ድካም ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቃል በመነሻ ፊደሉ ብቻ መቅረጽ ልማድ ሆነ። ከዚህ ዐይነት ጽሑፍ ሁሉ የታወቁት ኤስ፥ ፒ፥ ኪው፥ አር የተባሉት አራት የላቲን ፊደላት ናቸው። ሲዘረዘሩ «ሴናቱስ ፖፑሉስኬ ሮማኑስ» ይሆናሉ፤ ይኸውም «የሮማ ሸንጎና ሕዝብ» ማለት ነው። ኢየሩሳሌምን ድል ለነሣው ለጥጦስ ቄሣር በሮማ ከተማ በተሠራው የድል በር ላይ ይህ ቃል ሙሉውን ተቀርጾ ይነበባል። ከዚያ ወዲህ 230 ዓመት ያህል ቈይቶ በ315 ለታላቁ ቈስጠንጢኖስ በቆመው የድል በር ላይ ግን ያው ቃል በአራት ፊደል ብቻ ተመልክቷል። እነዚሁ አራት ፊደላት በሮማ ከተማ ዓርማና በየመንገዷ በሚገኙት የቦይ ክዳኖች ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ሮማውያን ሰውን በስሙ ሲጠሩም የመጀመሪያውን ስም በመነሻ ፊደሉ ብቻ ይጽፉ ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ችግር ገጠማቸው። ጥጦስና ጢባርዮስ የሚባሉት ስሞች በላቲን ጽሕፈት በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ አውሉስና አፒዩስም እንደዚሁ፤ ማርኩስና ማኒዩስም እንደዚሁ ናቸው። ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። ለጥጦስ አንድ ፊደል፥ ለጢባርዮስ ሁለት ፊደል መደቡ፤ ለአውሉስ አንድ፥ ለአፒዩስ ሁለት አደረጉ፤ ማኒዩስንም ከማርኩስ ለመለየት በፊደሉ ራስ አጠገብ ምልክት ጨመሩበት። ከዚህ የምንረዳው ፊደል የሚያሳጥር ሰው የሚመሳሰለውን የመለየት ግዴታ እንዳለበት ሮማውያን ቀደም ብለው ማወቃቸውን ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ጋይዮስ የሚለውን ስም ሮማውያን ሲያሳጥሩ የሚጽፉት በ«ጂ» ሳይሆን በ«ሲ» ፊደል ነበር። ልማዱ በተመሠረተበት ዘመን «ሲ» የሚባለው አንዱ ፊደል ለሁለቱም ድምፅ ያገለግል ነበርና ነው። ኋላ «ጂ» የተባለው ፊደል ተለይቶ ሲወጣ ሙሉው ስም በአዲሱ ፊደል ተጻፈ፤ ምኅፃሩ ግን በአሮጌው ፊደል ጸንቶ ቀረ። ስለዚህ ምኅፃረ ቃል አንዳንድ ጊዜ ከቃሉ ተለይቶ ብቻውን ይኖራል፤ የተወለደበትን ምክንያትም ይረሳል።

የክርስትና ሃይማኖት በሮማ ግዛት ውስጥ በስደት በነበረበት ዘመን ምእመናን ምኅፃረ ቃልን ለሌላ ጕዳይ አዋሉት። በግሪክ ቋንቋ ዓሣ «ኢክቲስ» ይባላል፤ ሲጻፍም አምስት ፊደል ነው። አምስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው እንደ ቃል መነሻ ሲቈጠሩ «ኢየሱስ ክርስቶስ፥ የእግዚአብሔር ልጅ፥ መድኃኒት» የሚል ትርጓሜ ይሰጣሉ። በሮማ ከመሬት በታች ባሉት የመቃብር ዋሻዎች ግድግዳ ላይ የዓሣ ሥዕል የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ምሥጢሩን ላላወቀ ሰው የተሣለው ዓሣ ዓሣ ብቻ ነበር፤ ለሚያውቀው ግን ሙሉ የሃይማኖት ምስክርነት ነበር። በዚህ ጊዜ ምኅፃረ ቃል ነገሩን የሰወረው ሆን ብሎ ነው። የእኛ ዘመን ምኅፃረ ቃል ግን ብዙ ጊዜ የሚሰውረው ጸሐፊው ሳያስበው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በጌታ መስቀል ላይ የተጻፈውም ነገር ለዚሁ አርእስት የሚስማማ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 19 እንደሚተርከው ጲላጦስ ያስጻፈው ጽሑፍ በዕብራይስጥ፥ በግሪክና በሮማይስጥ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ነበረ ብዙዎች አንብበውታል፤ የካህናት አለቆችም ቃሉ እንዲለወጥ ጠይቀው ጲላጦስ እንቢ ብሏቸዋል። የኤውሮፓ ሠዓልያን ሥዕለ ስቅለቱን ሲሥሉ ይህንኑ በአራት የላቲን ፊደል አሳጠሩት። በአገራችንም ሠዓልያን «ኢ.ና.ን.አ.» ብለው ይጽፉታል፤ ይኸውም «ኢየሱስ ናዝራዊ ንጉሠ አይሁድ» ማለት ነው። ለክርክር ምክንያት የሆነው ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ የተጻፈው መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው ነበር፤ አራቱን ፊደል የሚያነበው ግን አስቀድሞ ታሪኩን የተማረ ብቻ ነው።

የአይሁድ ሊቃውንትም መምህሮቻቸውን በስማቸው መነሻ ፊደል መጥራት ልማዳቸው ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ታላላቅ መምህራን በጣም ይቀራረባሉ። አንደኛው በእስፓንያ በቆርዶባ ከተማ ተወልዶ በ1204 በግብፅ የሞተው ሐኪምና ፈላስፋ ራቢ ሙሴ ቤን ማይሞን ነው። ሁለተኛው በ1194 በጄሮና ተወልዶ፥ በ1263 በባርሴሎና በንጉሥ ፊት በተደረገው የሃይማኖት ክርክር ለወገኖቹ የተከራከረው ራቢ ሙሴ ቤን ናሕማን ነው። ሁለቱም ራቢ ናቸው፤ ሁለቱም ሙሴ ይባላሉ፤ ስለዚህ በምኅፃር ሲጠሩ የመጀመሪያው ራምባም፥ የሁለተኛው ራምባን ሆነ። የሚለያቸው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን በብዙ ነገር ያከብረው ነበር፤ በብዙ ነገርም ይቃወመው ነበር። እንግዲህ «ም»ን በ«ን» የለወጠ ጸሐፊ የተቃዋሚውን ቃል ለተቃወመው ሰው ሰጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፍት ምኅፃረ ቃልን ከጥንት ያውቁታል። የቅዳሴን መጽሐፍ የከፈተ ሰው በየመስመሩ መነሻ «ይ.ካ.»፥ «ይ.ዲ.»፥ «ይ.ሕ.» የሚል ያገኛል፤ ይበል ካህን፥ ይበል ዲያቆን፥ ይበል ሕዝብ ማለት ነው። ሦስቱም በአንድ «ይ» ይጀምራሉ፤ ሁለተኛው ፊደል ግን ተራው የማን እንደ ሆነ ያለ ስሕተት ይለያል። ይህ የመልካም ምኅፃር ምሳሌ ነው።

ከዚህ የሚጠልቀው ግን የዜማው ምልክት ነው። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላይ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረትና እነዚህን የመሰሉት ምልክቶች ከንባቡ በላይ ይደረጋሉ። ከነዚህም ጋር ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚጻፉ ልዩ ልዩ ፊደላት አሉ። እነዚህ ፊደላት ከታወቀ የድጓ ቃል ላይ የተወሰዱ ምኅፃሮች ናቸው፤ ባለ ዜማው ፊደሉን ባየ ጊዜ ያ ቃል በቦታው የሚዜምበትን ዜማ ያስታውስና ያንኑ ከፊቱ ባለው ንባብ ላይ ያውለዋል። ይህን ሥርዐት ያቋቋሙት በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እንግዲህ በአንዲት ፊደል ውስጥ አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ተቀምጧል። ነገር ግን ፊደሉን ያየ ሁሉ ዜማውን አያውቅም። ብዙ ዓመት ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ቃሉን ከነዜማው በልቡ ያጠና ብቻ ያውቀዋል። ሥርዐቱ እስከ ዛሬ የኖረው ፊደሉ ብቻውን ስለ በቃ አይደለም፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፈው ትምህርት ስላልተቋረጠ ነው። መምህሩ በታጣበት ቦታ ፊደሉ ዝም ይላል።

ስለ ዘመን አጻጻፍ የምንናገረው ደግሞ ጸሐፊን ሁሉ የሚነካ ነው። «ዓ.ም.» የሚለውን በየቀኑ እንጽፈዋለን። ሲዘረዘር ዓመተ ምሕረት ነው። በመጀመሪያ ነገር ፊደሉ በዐይኑ «ዓ» መጻፍ አለበት። በአልፋው «አ» «አመተ» ብለን ብንጽፍ በግዕዝ ትርጓሜው «የምሕረት ገረድ» ይሆናል እንጂ ዘመን አይሆንም። ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት 19 ዓመት ንዑስ ቀመር፥ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፥ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር እንደሚባል የታወቀ ነው። በቀድሞ ዘመን አንዳንድ ጸሐፍት ዓመተ ምሕረት ብለው የሚጽፉት ከጌታ ልደት ጀምሮ ያለውን ሳይሆን በዚህ በ532 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለውን ዓመት ነበር። ስለዚህ በአንድ ብራና መጨረሻ ላይ «በ92 ዓመተ ምሕረት ተጻፈ» የሚል ቢገኝ መጽሐፉ ከሐዋርያት ዘመን የተረፈ መስሎት የሚደነቅ አይጠፋም፤ ነገር ግን በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ሊሆን ይችላል። አንዱ ስም ሁለት አቆጣጠር ተሸክሟል።

በእኛ ዘመንም የዚህ ወንድም የሆነ ችግር ተወልዷል። «እ.ኢ.አ.» እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ «እ.ኤ.አ.» እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የመካከለኛው ፊደል ሣልስና ኀምስ መሆኑ ብቻ ነው። በ«ኢ» እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ ተጠምዝዛ ቀለበት የመሰለች እንደ ሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ይለወጣል። የውል ዘመን፥ የልደት ዘመን፥ የቅጥር ዘመን በዚህች ቀለበት ላይ ሲንጠለጠል ማየት ያሳስባል። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ አቆጣጠራችንን በሙሉ ቃል ያስታወቅነው ስለዚህ ነው።

የኤውሮፓና የአሜሪካ ሕዝቦች በ19ኛው መቶ ዘመን ቴሌግራፍን ካወጡ ወዲህ ምኅፃረ ቃል እንደ ክረምት ቅጠል በዛ። የቴሌግራም ዋጋ በቃል ቍጥር ይከፈል ስለ ነበረ ቃል መቈጠብ ገንዘብ መቈጠብ ሆነ። በዚሁ ዘመን መካከል ትርጓሜ የሌለው ምኅፃር ተወለደ። በባሕር ላይ አደጋ የደረሰበት መርከብ ርዳታ የሚጠራበት ኤስ. ኦ. ኤስ. የተባለው ምልክት «ነፍሳችንን አድኑ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምኅፃር ነው እየተባለ በብዙ ቦታ ይነገራል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። በ1906 በበርሊን ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ምልክቱን የመረጠው ሦስት ነጥብ፥ ሦስት ሰረዝ፥ ሦስት ነጥብ ሆኖ በቀላሉ ስለሚላክና ከሌላ ምልክት ጋር ስለማይሳሳት ነው፤ በሥራ ላይ እንዲውልም ከ1908 ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ተወሰነ። ትርጓሜውን ሰዎች ከጊዜ በኋላ አበጁለት። ከዚያ በፊት የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ሲ. ኪው. ዲ. በሚባል ሌላ ምልክት ይጠቀሙ ነበር። ቲታኒክ የተባለው ታላቅ መርከብ በ1912 ሚያዝያ 14 ቀን ሌሊት ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭቶ ሲሰጥም የራዲዮው ሠራተኛ በመጀመሪያ አሮጌውን፥ ቀጥሎም አሮጌውንና አዲሱን እያፈራረቀ ላከ። ከ1500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ 700 ያህል ዳኑ። የሰው ልቡና ፊደል ባዶውን ሲቆም እንደማይወድ ከዚህ ይታወቃል፤ ትርጓሜ ካላገኘለት ይፈጥርለታል።

በአንድ ፊደል መጠራት ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን በኦ. ኤ. ኤስ. ታሪክ ነው። በ1948 ሚያዝያ 30 ቀን በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ 21 የአሜሪካ ክፍለ ዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የአሜሪካ መንግሥታትን ድርጅት ቻርተር ፈረሙ፤ ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ኦ. ኤ. ኤስ. ተባለ። ዓላማው በአባሎቹ መካከል የሚነሣውን ክርክር በሰላም መጨረስ ነው። በ1961 ደግሞ አልጄርያ ነጻ እንዳትወጣ የፈለጉ የፈረንሳይ መኰንኖችና ሰፋሪዎች የምሥጢር ጦር ድርጅት አቋቋሙ፤ ይህም በፈረንሳይኛ ምኅፃሩ ኦ. ኤ. ኤስ. ሆነ። የዚህኛው ሥራ ቦምብ ማፈንዳትና ሰው መግደል ነበር። በ1962 መጋቢት 18 ቀን በኤቪያን የጦርነት ማቆሚያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንኳ አልተመለሰም፤ በሰኔ ወር 7 ቀን የአልጀርስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በእሳት እንዲጋይ አደረገ። በዚያው በ1962 በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥታት ድርጅት በኡራጓይ አገር በፑንታ ዴል ኤስቴ ተሰብስቦ ኩባን ከስብሰባው ሲያግድ፥ በአልጄርያ የምሥጢሩ ጦር ቦምብ ያፈነዳ ነበር። በዚያ ወር ከእንግሊዝኛ ዜና የሚተረጕም ሰው ሦስቱን ፊደል ብቻ አይቶ ቢጽፍ ኖሮ የሰላም ጉባኤውን ከነፍሰ ገዳዮች ጋር አንድ ባደረገ ነበር። የአልጄርያ ሕዝብ በሐምሌ 5 ቀን ነጻነቱን ሲያገኝ የምሥጢሩ ጦር ፈረሰ፤ የአሜሪካ መንግሥታት ድርጅት ግን ምኅፃሩን እንደ ያዘ እስከ ዛሬ አለ።

የፊደል ክርክር እስከ ፍርድ ቤት የደረሰበትም ጊዜ አለ። በ1961 የዱር አራዊትን ለመጠበቅ በስዊስ አገር የተቋቋመው ማኅበር ደብልዩ. ደብልዩ. ኤፍ. በሚሉ ፊደላት ይታወቃል። በአሜሪካ የትግል ትርዒት የሚያሳየው ኩባንያም በነዚሁ ሦስት ፊደላት ይጠራ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በ1994 ተዋውለው ነበር፤ የትግሉ ኩባንያ ውሉን አላከበረም ተብሎ በእንግሊዝ አገር ተከሰሰና በ2001 ተፈረደበት፤ በ2002 ይግባኙ ሳይሰማለት ቀርቶ ስሙን ለወጠ።

እንዲህ ያለ መጋጨት የሚበዛው ስለ ምን ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። የላቲን ፊደል 26 ነው፤ ስለዚህ በሦስት ፊደል ሊሠራ የሚችለው ምኅፃር 17,576 ብቻ ነው። የዓለም ድርጅትና ኩባንያ ግን ከዚህ እጅግ ይበዛል። የእኛ ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ከነርባታው 231 ስለ ሆነ በሦስት ፊደል 12,326,391 ምኅፃር ማውጣት ይቻል ነበር። ሀብታችን ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ምኅፃሮቻችን የሚጋጩት ስሞቻችን ከጥቂት ፊደላት ስለሚነሡ ነው። የብዙ መሥሪያ ቤት ስም በ«ኢትዮጵያ» ይጀምርና «ኢ» ይሆናል፤ በ«ድርጅት» ያልቅና «ድ» ይሆናል። አንዳንዱ መገጣጠም ግን ደስ የሚያሰኝ ነው። በ1955 ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት በአማርኛ ምኅፃሩ «አ.አ.ድ.» ሆነ፤ የተመሠረተበትና መቀመጫውን ያደረገበት ከተማም አዲስ አበባ፥ «አ.አ.» ነው። ድርጅቱ በ1994 ለአፍሪካ ኅብረት ቦታውን ሲለቅ ይህ መገጣጠም አብሮ ቀረ።

ምኅፃር ከዘመኑ ጋር እንደሚያረጅም በአገራችን አይተናል። «ቀ.ኃ.ሥ.» የሚለው ለብዙ ዓመታት ትርጓሜ የማያሻው ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማለት ነው። በ1948 የተከፈተው ቲያትር ቤት፥ በ1954 የተመረቀው ዩኒቨርሲቲ፥ ሆስፒታሉም፥ ትምህርት ቤቱም በነዚህ ሦስት ፊደላት ይጠሩ ነበር። ከ1966 በኋላ ቲያትሩ ብሔራዊ ቲያትር፥ ዩኒቨርሲቲውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ አንድ ወጣት ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ያወጣው አሮጌ መጽሐፍ ላይ «ቀ.ኃ.ሥ.ዩ.» የሚል ማኅተም ቢያይ መጠየቁ አይቀርም። እንደዚሁም በ1979 ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ምኅፃር «ኢ.ሕ.ዲ.ሪ.» ሆኖ ነበር፤ በ1987 ሕገ መንግሥት «ኢ.ፌ.ዲ.ሪ.» ሆነ። አንዱ ሕዝባዊ፥ ሁለተኛው ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ታሪክ አለ፤ በጽሕፈት ግን የአንድ ፊደል ልዩነት ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ነገር ደረስን፤ ይኸውም የሰው ስም ነው። በየመዝገባችን ላይ የሰውን ስም በሰረዝ እየቈረጥን መጻፍ የቈየ ልማድ ነው። «ወ/ማርያም» ተብሎ የተጻፈው የክርስትና ስም ወልደ ማርያም ነውን? ወይስ ወለተ ማርያም? የመጀመሪያው ወንድ፥ ሁለተኛው ሴት ነው። «ተ/ጽዮን» ተክለ ጽዮን ነውን፥ ተስፋ ጽዮን? «ክ/» ክንፈ፥ ክፍለ ወይስ ክብረ ነው? ጸሐፊው ባለቤቱን በዐይኑ እያየ ስለ ጻፈ ለእርሱ ጥርጥር የለበትም። ነገር ግን መዝገቡ ከጸሐፊው ይልቅ ብዙ ዕድሜ አለው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በምስክር ወረቀቱ ላይ ተስፋ ጽዮን፥ በቅጥር መዝገቡ ላይ ተ/ጽዮን ተብሎ ቢጻፍና ከ30 ዓመት በኋላ ሌላ ጸሐፊ መዝገቡን ሲገለብጥ ተክለ ጽዮን ብሎ ቢዘረዝረው፥ ያ ሰው ለጡረታው ሲቀርብ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ራሱን ራሱ መሆኑን በምስክር ለማስረዳት ይገደዳል። ሰውየው ሞቶ እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ጣጣ ለሚስቱና ለልጆቹ ይተርፋል። የተቈጠበው ቀለም የሁለት ፊደል ነበር፤ የተከፈለው ዋጋ ግን የስንት ቀን መመላለስ ነው።

በማዕርግም በኩል እንዲሁ ነው። ሻለቃና ሻምበል ሁለቱም በ«ሻ» ይጀምራሉ። የጦር ሠራዊት ጸሐፊዎች «ሻ/ቃ» እና «ሻ/ል» ብለው የመጨረሻውን ፊደል በመጨመር ለይተዋቸዋል፤ ሳያውቁት ሮማውያን በጥጦስና በጢባርዮስ ላይ ያደረጉትን አደረጉ። «ወ/ሮ» እና «ወ/ት» የሚሉትም በዚሁ ዘዴ ይለያሉ። ነገር ግን ይህ ዘዴ በሁሉ አይሠራም። «ለትምህርት ሚ/ር» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ለሚኒስትሩ ነው ወይስ ለሚኒስቴሩ? ሁለቱም በ«ሚ» ጀምረው በ«ር» ያልቃሉ። አንዱ ሰው ነው፤ ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ነው። ለሰውየው የተጻፈው ምሥጢር በመዝገብ ቤት ሲከፈት፥ ለመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው አስቸኳይ ጕዳይ በሰውየው ጠረጴዛ ላይ ሲጠብቅ ሊኖር ይችላል።

ይህን ሁሉ ስንል ምኅፃረ ቃል ይቅር ማለታችን አይደለም። ሮማዊው ቀራጭ፥ የቅዳሴው ጸሐፊ፥ የራዲዮው ሠራተኛ ሁሉም ያለ ምኅፃር ሥራቸው ባልተቃናም ነበር። ነገር ግን ከተመለከትነው ታሪክ አንድ ነገር ይገኛል፤ ምኅፃረ ቃል ከአንባቢ ትውስታ የሚወሰድ ብድር ነው። አንባቢው የሚያውቀውን እስከ ጠየቅነው ድረስ ብድሩ ይከፈላል፤ የማያውቀው ትውልድ ሲመጣ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ሦስት ነገር ብንጠብቅ መልካም ይመስለናል። አንደኛ፥ በማናቸውም ጽሑፍ ውስጥ ምኅፃር ከመግባቱ በፊት ሙሉው ቃል አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይቻላል። ሁለተኛ፥ ቀንና ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ አቆጣጠሩ የማን እንደ ሆነ በሙሉ ቃል ይመልከት። ሦስተኛ፥ የሰው ስም በመዝገብ፥ በምስክር ወረቀትና በውል ላይ ፈጽሞ አይቈረጥ።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው ቢያስለምዱ ድካሙ ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አባት ለልጁ ስም ሲያወጣ ተስፋውን ወይም ስእለቱን በቃሉ ውስጥ ያኖራል። ተክለ ብሎ የሰየመ መትከልን፥ ተስፋ ብሎ የሰየመ ተስፋን አስቦ ነው። እንግዲህ የሰውን ስም ሙሉውን መጻፍ ለባለቤቱ የሚገባውን መስጠት ነው እንጂ ቀለም ማባከን አይደለም።